ጉልበት በጠርሙስ

አማርኛችን ለነጋዴ የተመቸ ቋንቋ ነው። እግር የሚታጠፍበትን ቦታም ሰው የሚሠራበትን ኃይልም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። ስለዚህ «ለጉልበት ፍቱን» ብሎ የለጠፈ ነጋዴ ሁለቱን በአንድ ዋጋ ሸጦልን ይሄዳል። የዘንድሮው ሸቀጥ ስሙ ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። መዋቢያ ሱቅ ውስጥ ለፊት መጨማደድ፣ በቴሌግራም ገበያ ለቁርጥማት፣ ከአሜሪካ በሚመጣ ሻንጣ ደግሞ «ለእማዬ ጉልበት» ተብሎ ይገኛል። የእኛ ነገር አጭር ናት፦ ይህን እንክብል ለአረጋውያኖቻችን መላክ ይቅርብን።

እስቲ ከእነዚያ ሻንጣዎች አንዱ ጋይንት ደረሰ እንበል። ጋይንትን ያነሣነው ያለ ነገር አይደለም፤ በቁመት የሚኖርበት አገር ነው። ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የአብነት ተማሪው የቅዱስ ያሬድን ድጓ የትም ይማር የት፣ መጨረሻ ላይ ዕውቀቱን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። (ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርባት ዙር አባም እዚያው ጋይንት ናት።) ድጓ ደግሞ የአንድ ክረምት ትምህርት አይደለም፤ ዓመታት ይበላል። በደጋው ብርድ፣ በደበሎ፣ በቁራሽ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜ በዋዜማው፣ በማሕሌቱ፣ በሰሙነ ሕማማቱ ስግደት በቁም ያልቃል። የኔታ ሰባ ዓመት ሲሞላቸው ከመደብ ለመነሣት ሁለት ተማሪ ደግፎ ቢያነሣቸው ማን ይገረማል?

ታዲያ ሊቃውንቱ መላ አላጡም። መቋሚያ አላቸው። የሰውነትን ክብደት ከታመመ ጉልበት ላይ የሚቀንስ ዱላ ዛሬም ሐኪም የሚያዘው ነገር ነው። ከተሜው ልጃቸው የሚልከው ጠርሙስ ግን የመቋሚያውን ያህል ማስረጃ የለውም።

ሃያሉሮኒክ አሲድ ውሸት አይደለም፤ ሰውነታችን ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 ካርል ማየርና ጆን ፓልመር የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከከብት ዓይን ውስጥ ካለው ዝልግልግ አወጡት። በቆዳችን ውኃ ይይዛል፤ በመገጣጠሚያችን ያለውን ፈሳሽ ያወፍራል። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ግራም ያህል አለው፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶውን ሰውነቱ በየቀኑ እያፈረሰ በአዲስ ይተካዋል። በቀን አምስት ግራም ማለት ነው። እንክብሉ የያዘው ስንት ነው? ብዙውን ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሚሊግራም። ጣናን በጭልፋ መሙላት።

እሱም ቢሆን ጉልበት ከደረሰ ነው። እጅግ ረጅም የስኳር ሰንሰለት ስለሆነ እንዳለ ከአንጀት ወደ ደም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመ ጥናት ለአይጦችና ለውሾች ምልክት የተደረገበትን ሰጥተው ተከታተሉት፤ ከ87 እስከ 96 በመቶው በሰገራ ወጣ። ጥቂቱ መገጣጠሚያ ደርሷል፤ ይህን አንክድም። ሻጮቹ ግን ጥቂቷን ይዘው ሲጨፍሩ ስለ ብዙው አይተነፍሱም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2009 «ለመገጣጠሚያ ይጠቅማል» የሚለውን አባባል መርምሮ አልተረጋገጠም ብሏል። ለፊት መጨማደድ የሚጠቀሰው የ2017ቱ የጃፓን ሙከራ ደግሞ ስድሳ ሰው ለ12 ሳምንት የዋጠበት ሲሆን ከጀርባው ያለው ኪውፒ ነው፤ አዎ፣ ማዮኔዝ የሚሠራው ኪውፒ፤ ሃያሉሮኒክ አሲድም ይሸጣል። ባለ ጠጅ ቤቷ ጠጇን ቀምሳ «ግሩም ነው» አለች።

«ሐኪሞችም ጉልበት ውስጥ ይወጉታል እኮ» የሚል አይጠፋም። ይወጋሉ። መርፌው በቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ብዙ ሙከራዎችን የደመረ ትልቅ ጥናት ሕመምተኛው ልብ የሚለው ጥቅም አላገኘበትም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ «አትስጡ» ብሎ ጻፈ። ቦታው ድረስ ገብቶ ያልሠራ ነገር በጨጓራ ዞሮ ይሠራል ብሎ ማመን ትልቅ እምነት ይጠይቃል።

በነገራችን ላይ ስለ እምነት ካነሣን፦ ሃያሉሮኒክ አሲድ ለረጅም ጊዜ ከአውራ ዶሮ አናት ላይ ካለው ቀይ ሥጋ ነበር የሚወጣው፤ ዛሬ በብዛት ከባክቴሪያ ይመረታል። የእንክብሉ ሽፋን ጄላቲን ከሆነ ግን ምንጩ የከብት ወይም የአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ወተት የማይቀምሱ አባት፣ የልጃቸው ፍቅር መስሏቸው በየማለዳው ምን እንደሚውጡ የነገራቸው አለ? ሻጩ አልነገረም። ላኪውም አልጠየቀም። ይህ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው?

ከአሜሪካ የመጣውን ጠርሙስ ጀርባውን አዙሩት። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ አባባሉን እንዳልመረመረው፣ ምርቱም በሽታን ለማከም እንዳልታሰበ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ሕጋቸው ማሟያ ሻጭን ከገበያ በፊት ጥቅሙን አስመስክር አይለውም፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፍ ይለዋል እንጂ። ቤተ ልሔም ላይ እንዲህ ያለ ሰው አያልፍም ነበር።

ለእኛ ለወጣቶቹም አንድ ነገር። ክሬሙ ፊት ላይ ውኃ ይይዛል፣ ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ግሊሰሪንም ይህንኑ ያደርጋል፣ ዋጋውን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ቆዳችንን ቀድሞ የሚያስረጀው ፀሐይ ነው። በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከፍታ ጎጂው ጨረር አሥር በመቶ ያህል ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የጋይንት ደጋ ከዚያም ይብሳል። የካህናቱ ጥምጥምና ጥላ ከብዙ እንክብል ይሻላል።

ላኪ ወዳጆቻችን ሆይ፣ ገንዘቡን አታጥፉት። ለተጎዳ ጉልበት እስካሁን የተሻለ የተመሰከረለት የጭን ጡንቻን ማጠንከር ነው፤ መደብ ላይ ተቀምጦ እግርን ቀጥ አድርጎ መዘርጋት፣ ጥቂት ቆጥሮ ማውረድ፣ በየቀኑ መደጋገም። ይህን አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢያሳያቸው ይበቃል። የዲክሎፌናክ ቅባትም ከሐኪም ጋር ተመክሮበት ይረዳል። ጉልበቱ ድንገት ቀልቶና አብጦ ትኩሳት ካለው ግን ነገሩ ቁርጥማት ላይሆን ይችላል፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል። ሆስፒታል ስንል ደግሞ፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የህወሓት ኃይሎች ነፋስ መውጫን ለዘጠኝ ቀን በያዙበት ጊዜ የከተማዋ ሆስፒታል ተዘርፏል። ለአንድ መንደር አረጋውያን በየቤተሰቡ ተሰብስቦ የሚላከው የጠርሙስ ዋጋ ቢጠራቀም ለአንድ ባለሙያ መመላለሻና ለቅባቱ አይበቃም ወይ? የጋይንት ልጆች ማኅበራት፣ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።