ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ወይኑን ዐውቀን እንሽጥ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በኮሶዬ ያልፋል፤ የሰሜንን ተራሮች ሊጎበኝ ከሚመጣው እንግዳም ቀይ ወይን ጠጅ የሚጠይቅ አይጠፋም። የፈረንሳይ ጠርሙስ ግን ብዙ ጊዜ የሚገልጸው ወይኑ የበቀለበትን ቀበሌ እንጂ ዘሩን አይደለም። «ኮርናስ» የተባለው ቀይ ወይን ጠጅ፣ ለምሳሌ፣ ሲራ ከሚባለው ዘር ብቻ የሚጠመቅ ነው። ይህንኑ ዘር የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ አስተክሎ፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ወይን ጠጁን ለገበያ አቅርቧል። ስለዚህ አስመጪው የውጭ ምንዛሪ ከማውጣቱ በፊት ሁለቱን ቀምሶ ማመዛዘን ይገባዋል። ባለሱቁና ባለሆቴሉም ሲራ ከበግ ጥብስ ጋር እንደሚስማማ፣ በርበሬ በበዛበት ቀይ ወጥ ላይ ግን ምሬቱ እንደሚጎላ ለገዢው ያስረዱ። ደንበኛ የሚመለሰው ዕቃውን ዐውቆ ወደሚሸጥለት ነጋዴ ነውና።