መቼ እንደምወጣ ማን ይወቅ?

ወለጋ ውስጥ መንገድ የሚወጣ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን ላገኘው ሁሉ አይናገርም። ከነቀምቴ ወደ ግምቢ ወይም በአንገር ጉትን በኩል ወደ ቡሬ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ደውሎ "መንገዱ እንዴት ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ መነሻ ሰዓቱን የሚያውቁት ግን የቅርብ ሰዎቹ ብቻ ናቸው። የጸጥታው ችግርና ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ያስለመዱን ጥንቃቄ ነው። ይህን ጥንቃቄ ከቤቱ የተማረ ወጣት ሳይክሉ ላይ ሲወጣ ግን፣ እሱ ዝም ያለውን ስልኩ ይናገርበታል።

በቅርቡ አንድ የነቀምቴ ሳይክል ነጂ ስትራቫ በተባለው ልምምድ መዝጋቢ መተግበሪያ ላይ ያለውን ገጹን አሳየኝ። እሱ ሊያሳየኝ የፈለገው ዳገቱን በስንት ደቂቃ እንደወጣ ነበር፤ ዓይኔ የቀረው ግን ካርታው ላይ ነው። መስመሩ ከግቢው በር ይነሣል፤ ተመልሶም እዚያው በር ላይ ያበቃል። ማክሰኞና ሐሙስ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይወጣል፤ ቅዳሜ ረዘም ያለ ጉዞ አለው፤ አቅጣጫው ሁልጊዜ አንድ ነው። "ይህን ማን ያያል?" አልኩት። "ተከታዮቼ" አለኝ። ፕሮፋይሉ ለሁሉም ክፍት ስለነበር ግን ተከታይ ለመሆን የእሱን ፈቃድ የሚጠብቅ ሰው የለም።

በ2010 ዓ.ም. ስትራቫ የተጠቃሚዎቹን እንቅስቃሴ ያለ ስም አጠቃሎ የሚያሳይ የዓለም ካርታ አውጥቶ ነበር። ጥር ላይ ናታን ሩዘር የተባለ አውስትራሊያዊ ተማሪ ካርታውን ሲመረምር፣ ሶሪያና አፍጋኒስታን ውስጥ ያሉ የጦር ሰፈሮች በወታደሮቹ የሩጫ መስመር ተስለው አገኘ። ስም ባይጻፍም፣ በዚያ አካባቢ መተግበሪያውን የሚጠቀሙት እነሱው ስለነበሩ ማንነታቸው አልተሰወረም። ይህ ነገር ከማንም በላይ እኛን ይመለከታል። ለንደን ውስጥ የአንድ ሰው መስመር በሺዎች መስመር መካከል ይጠፋል፤ ነጆ ወይም ሻምቡ ውስጥ ግን ሄልሜት አጥልቆ ልምምድ የሚሠራው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰው ብቻ የሚሄድባቸውን መንገዶች ከካርታው አስወጥቷል። የየግለሰቡ ገጽና በየዳገቱ ላይ ያለው የደረጃ ሰንጠረዥ ግን ዛሬም አለ። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ክራስኖዳር ውስጥ ሲሮጥ በጥይት የተገደለው ሩሲያዊ የቀድሞ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ስታኒስላቭ ርዢትስኪም የሩጫ መስመሮቹ ስትራቫ ላይ ለማንም ይታዩ ነበር።

መተግበሪያውን ተዉት እያልኩ አይደለም። አዲስ አበባ ላለ አሰልጣኝ ልምምድን ማሳየት፣ ውጭ አገር ካለ ወንድም ጋር መፎካከር ደስ የሚል ነገር ነው። የምለው፣ ማን እንደሚያይ የሚወስነው ነጂው ይሁን ነው። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ እስከ መጋቢት መጨረሻ የቆየነው ማንም ሳያማክረን ነው። ያ ከእጃችን ውጪ ነበር፤ መስመራችንን ማን እንደሚያይ መወሰን ግን እጃችን ላይ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ እንቅስቃሴውን "እኔ ብቻ" ላይ ማድረግ፣ ወይም ፕሮፋይሉን ዘግቶ ተከታይን ራስ መርጦ ማጽደቅ ይቻላል። መነሻና መድረሻን እስከ 1.6 ኪሎ ሜትር ድረስ መደበቂያም አለ። እኔ በዚህኛው ብዙም አልተማመንም፤ ከሰፈሩ የሚያስወጣው መንገድ አንድ ከሆነ የተደበቀውን ለመገመት አያስቸግርም። ይልቁንስ ካርታውን ሙሉ በሙሉ መደበቅ ይሻላል። ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ፣ ዛሬ "እኔ ብቻ" ያሉት ምርጫ የሚሠራው ለወደፊቱ ጉዞ መሆኑን ነው። የአምናው መስመር ለብቻው ካልተስተካከለ ክፍት ሆኖ ይቀራል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ሆኗል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ከመስመሩ በተጨማሪ የሚያሠለጥናቸውን ልጆች የልብ ምት በዚሁ መተግበሪያ በየቀኑ የሚቀበል አሰልጣኝ ታዲያ የያዘው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት። "አካውንት ክፈቱና ተከተሉኝ" ከማለቱ በፊት ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር ተቀምጦ ሴቲንጉን አብሮ ይዝጋ፤ ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነም ወላጆቹን ያነጋግር። የልምምዱን ፋይል በቴሌግራም ለብቻው ቢቀበልም ሥራው አይጎድልበትም።