ጅማን ማስረሳት ሙያ ሆነ

«እዚህ ቤት ስትገባ እኮ ጅማ ያለህ አይመስልህም!»

ሰሞኑን ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ውስጥ ስለተከፈተ አንድ ካፌ በስልክ ተቀርጾ ከተለቀቀ ቪዲዮ የሰማሁት ሙገሳ ነው። ተናጋሪው እዚሁ ጅማ አፈር ፈጭቶ ያደገ ልጅ ነው። ዙሪያውን የከበቡት ጓደኞቹም ከሌላ አገር የመጡ አይደሉም። እሱ ይህን ሲል አጨበጨቡለት። ባለቤቱም ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ በኩራት ፈገግ አለ። በከተማችን ላይ ብዙ ስድብ ሲወርድ ሰምቻለሁ፤ በጭብጨባ ሲታጀብ ያየሁት ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ተጠራርቶ «አዲስ ቤት» ማደን የከተማው ልጆች ዋና ሥራ ሆኗል። ይሁን። ወጣት ዛሬ ከጓደኛው ጋር ካልዞረ መቼ ሊዞር ነው? አንዱ ቦታውን ይጠቁማል፣ ሌላው ባጃጅ ይጠራል፣ ሂሳቡ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። በዚህ ሁሉ ቅሬታ የለኝም። የሚያንገበግበኝ ከዙረቱ በኋላ የሚሰጡት ፍርድ ነው። ጅማን ያልመሰለ ቤት «ጥሩ ነው» ይባላል፤ ቦሌን ከመሰለ «አሪፍ ነው»፤ ዱባይን ከመሰለማ ቃል ያጥራቸዋል። እስቲ ልጠይቅህ ወንድሜ፦ ጅማን ለመርሳት ከሆነ ጅማን ምን ያዞርሃል? አዲስ አበባ የናፈቀው ሰው መናኸሪያ ሄዶ ትኬት ይቆርጣል። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይዞህ፣ ያደርስሃል።

ቪዲዮውን ደግሜ አየሁት። ስለ ወንበሩ ተወራ። ስለ መብራቱ ተወራ። ግድግዳው ላይ በእንግሊዝኛ «በት ፈርስት ኮፊ» (መጀመሪያ ግን ቡና) የሚል ባለቀለም መብራት ተሰቅሏል፤ እሱ ፊት ተራ በተራ እየቆሙ ፎቶ ተነሡ። ከመብራቱ ኋላ ግድግዳውን ያለበሰው የፕላስቲክ ሣር ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ዝናብ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የማይለየው፣ ሣር በአጥር ላይ የሚበቅልበት አገር ነው! እውነተኛ ቀጤማ ጎዝጉዛ መንገድ ዳር ጀበናዋን የጣደች እናት ከዚያ ቤት ደጃፍ ራቅ ብላ አልተቀመጠችም። ካሜራው በጨረፍታ አልፏት ገባ፤ ወደ ፕላስቲኩ።

ስለ ቡናው የተባለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይመቻል»። አለቀ። ከጎማ ወረዳ የመጣ ነው ከማና? ከሊሙ ኮሳ ነው ከጌራ? የታጠበ ነው ወይስ ጀንፈሉ ደርቆ የተቀሸረ? ማን ቆላው? መቼ ተቆላ? ይህን አለመጠየቅ ከሌላ ከተማ ለመጣ ልጅ ይቅር ይባላል። ከተማችን ግን በኅዳርና በታኅሣሥ እሸት የጫነ መኪና የሚተራመስባት፣ ዘመድ ሁሉ ገጠር ማሳ ያለው፣ የትምህርት ቤት ክፍያና የሠርግ ወጪ በቡና ዋጋ የሚወሰንባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ አገር ያሳደገው ልጅ ሲኒው ውስጥ ያለውን ሳይጠይቅ የወንበሩን ቀለም ሲያደንቅ ከዋለ፣ ምኑን ዞሮ አየው?

«ጅማ» የሚለው ስም ገበያ ላይ ምን እንደደረሰበት የቡና ነጋዴ ሁሉ ያውቃል። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ሲባል ያልታጠበ፣ ደረጃው አምስተኛ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ ቡና ማለት ሆኖ ኖሯል። ከኢሉባቦርና ከካፋ የወጣውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ስም ተጠቃሎ ተሸጧል። ጀንፈሉ መሬት ላይ ስለሚሰጣ «አፈር አፈር ይላል» ተባለ፤ ያጠፋው አሰጣጡ፣ የተቀጣው የአገሩ ስም። መንግሥት ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ተከራክሮ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት ሲደርስ፣ በንግድ ምልክትነት ይመዝገቡልኝ ብሎ የተሟገተላቸው ስሞች ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ ነበሩ። ጅማ አልነበረችበትም። እንግዲህ ፈረንጁ ዋጋ ሊቀንስባት ስሟን ሲጠራ፣ መንግሥት ሊሟገት ሲነሣ ሳይጠራት፣ አሁን ደግሞ የገዛ ልጇ «ጅማ አይመስልም» ብሎ ያሞግሳል። ሦስቱም አንድ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ይህን ስም ከወደቀበት ለማንሣት የደከሙ አሉ፤ ቪዲዮ ግን አልሠሩም። ከከተማችን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጣ ብላ በምትገኘው በአጋሮ ዙሪያ ገበሬዎች ተደራጅተው የራሳቸውን መፈልፈያ ተከሉ፤ ቀይ እሸት ብቻ ለቅመው፣ አጥበው፣ ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ማድረቅ ያዙ። ከመካከላቸው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር ቡና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ ቡናዎች የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ድርጅቶች የማኅበሩን ስም ማሸጊያቸው ላይ ጽፈው ሸጡ። እዚያ ባሕር ማዶ ቡናውን የሚያስወድደው የአጋሮ ስም ነው፤ እዚህ አፍንጫችን ሥር ቤቱን የሚያስወድደው አጋሮን አለመምሰሉ ነው።

ከከተማው ዳር መልኮ ላይ ደግሞ የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ገብቶ ማሳውን ሲፈጅ፣ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ተመርጠው የተባዙት በዚያ ባለሙያዎች ድካም ነው። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች የዚያ ሥራ ፍሬዎች ናቸው፤ መነሻው 74 የተመረጡበት የፈረንጆች ዓመት ነው፣ 1974። ዛሬ ሜልቦርን ወይም ቶኪዮ ያለ ቡና ጠጪ እነዚህን ቁጥሮች ከማሸጊያ ላይ አንብቦ መርጦ ይገዛል። እዚህ ለእኛው ልጅ 74110 ብትለው የዋይፋይ የይለፍ ቃል የነገርከው መስሎት ስልኩ ላይ ይጽፈዋል።

«ድሮ እኮ ጅማ መቀመጫ የሚሆን ቤት አልነበራትም» የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ፤ መጥቶብኝም ያውቃል። መቀመጫ? በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ሐሙስ ሐሙስ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ ሲራራ ነጋዴ ሲቀበል፣ ሲያበላና ሲያሳድር ነበር። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ እስከ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለቱሪስት እየተሸጠ ነው፤ ጅማ ካፌ ውስጥ ግን የምትቀመጠው ከኮንቴይነር የወጣ ነጭ ፕላስቲክ ላይ ነው። እንግዳ መቀበል ያስተማረችን ከተማ በቻይና ወንበር እንግዳ ሆነችብን።

ደግሞ ፕላስቲኩ እንኳ የራሳችን ሐሳብ ቢሆን ምን ነበረበት! ካይል ቻይካ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጽሑፍ የየከተማው ካፌ እንዴት አንድ ዓይነት መልክ እየያዘ እንደመጣ፣ ሰው ከአገር አገር ዞሮ ያንኑ ግድግዳና ያንኑ አምፖል እንደሚያገኝ ጽፎ ነበር። እሱ በየከተማው ያንኑ ነው ያለውን መልክ እኛ አሁን በብድር ገዝተን ቅዳሜ ከሰዓት እንመርቀዋለን።

ባለካፌውን አልወቅስም። እሱ ሞኝ አይደለም። ደንበኛው የሚመዝነው ግድግዳ ከሆነ ገንዘቡን ግድግዳ ላይ ያፈስሳል፤ ቡናውን ከየትም ይሰበስባል። ደግሞም መንጋው አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ቀርጾ፣ «አየነው» ብሎ ወደሚቀጥለው «አዲስ ቤት» ይሄዳል። ሁለተኛ የማይመጣ ሰው የሁለተኛውን ቀን ጣዕም ለማን ይጠብቅለታል? ኪራዩና ብድሩ ግን ይጠብቁታል። ስለዚህ በየዓመቱ አንዱ ይዘጋል፣ በቦታው ሌላ ይከፈታል፣ የፕላስቲክ ሣሩ ከአንዱ ግድግዳ ተነቅሎ በሌላው ላይ ይለጠፋል፤ አሳሾቻችንም ደስ ብሏቸው እንደገና «ያገኙታል»።

«ጥሩው ቡና እኮ ለውጭ ገበያ ነው የሚሄደው» የሚለውን ምክንያት ደግሞ አልቀበልም። እውነት ነው፣ ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕጉ ለረጅም ዘመን ሲከለክል ኖሯል፤ ለእኛ የሚቀርልን ከደረጃ የወረደው ነው። ታዲያ የተረፈውን እንደምንጠጣ የሚያውቅ ሰው የበለጠ መጠየቅ ነበረበት እንጂ አምፖል ማድነቅ ነበረበት?

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። አንድ ባለካፌ ይነሣና ከዋጋው ዝርዝር ላይ የቡናውን ወረዳና የተቆላበትን ቀን ይጻፍ። ከበርገሩ ጎን በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ ያቅርብ፤ ጨጨብሳውን በጌራ ማር ይስጥ። ደጃፉ ላይ ያለችውን ባለጀበና በደንብ አስከባሪ ከማስባረር ይልቅ ወደ ውስጥ ያስገባትና አቦል፣ ቶና፣ በረካዋን በወግ ታፍላ። እናንተም ያን ቤት ካገኛችሁት በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሱበት፤ ከዚያ በሚቀጥለውም።

እንዲህ ያለ ቤት ሲከፈት ጥሩኝ፤ ለሁላችሁም ሂሳቡን እኔ እከፍላለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ወንድሜ፣ ማኪያቶህን ጠጣ፣ ፎቶህን ተነሣ፣ በጅማ ላይ ፍርድ ከመስጠት ደግሞ አፍህን ሰብስብ።