ስለ ሐረር ከተማ ውኃ ለቤተ ሰብ የሚሆን ምክር
መንገድ ማስጠረግ፥ ቦይ ማስከፈትና ቧንቧ ማስዘርጋት የማዘጋጃ ቤት የዘወትር ሥራ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፋል። ዋጋው የሚታወቀው በጐደለ ቀን ነው። ለዚህም የሐረርን ውኃ ምስክር እናደርጋለን።

ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን ታገኝ የነበረው 20 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከሐሮማያ ሐይቅ ነበር። ነገር ግን ከተማው ለመጠጥ፥ ገበሬውም ለጫትና ለአትክልት ሲስበው፥ ከተራቈተው ኮረብታ የሚወርደውም ደለል ሲሞላው፥ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ማለቂያ ግድም ደረቀ። ከዚያም በኋላ ውኃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ ከጥልቅ ጕድጓድ ተቀድቶ፥ ከ600 ሜትር የሚበልጥ ሽቅብ በሞተር እየተገፋ እንዲመጣ ተደረገ። እንግዲህ በየእንስራው ያለው ውኃ ተራራ የወጣ ውኃ ነው።

የሹማምንቱ ሥራ ከደጃፍ ላይ ይቆማል፤ ከደጃፍ ወዲህ ያለው የቤቱ ጌታና የእመቤቲቱ ፈንታ ነው። ስለዚህ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በዕለቱ ይጠገን፤ አትክልት የታጠበበት ውኃ ለጓሮ ተክል ይዋል፤ ማጠራቀሚያው ይከደን፤ ልጆችም ቧንቧ ከፍተው እንዳይሄዱ በፍቅር ይመከሩ። ሹም የሆነ ሰው በቤቱ እያባከነ በአደባባይ «ቈጥቡ» ቢል ሰሚ አያገኝም።

ሐይቅን የሚያህል ነገር ሲያልቅ ካየን ዘንድ፥ የእንስራው ውኃ አያልቅም ብሎ መዘናጋት አይገባም ብለን እናሳስባለን።