የደንበኛ ምስክርነት ለአነስተኛ ሥራ ተቋራጭ ያለው ጥቅም

ሰቆጣ ቀድሞ አሞሌ ጨው ይገበይባት የነበረች የታወቀች የንግድ ከተማ ናት። አሞሌ የሚቀበል ነጋዴ ጠርዙ አለመሰበሩን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይቀበል ስለ ነበር ዕቃው ስለ ራሱ ይመሰክር ነበር። የቤት ሥራ ግን እንዲህ አይደለም። ውል የሚዋዋለው ባለቤት የሚገዛው ገና ያልተገነባ ግድግዳና ገና ያልተመታ ቆርቆሮ ነው፤ የሥራው ደግነት ወይም ጉድለት የሚገለጠውም ገንዘቡ ከተከፈለና ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ለሳኙን፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን የሚያስመርጠው ቀድሞ ያሠሩት ሰዎች የሚሰጡት ቃል ነው።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ድረስ በገበያ፣ በማኅበርና በለቅሶ ቤት ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ኖሯል። አሠሪና ሠራተኛ በአንድ ከተማ በሚኖሩበት ጊዜ ይኸው ይበቃ ነበር። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖር የዋግ ተወላጅ ለእናቱ በሰቆጣ ቤት ሊያሠራ ያስባል፤ የባሕር ዳር ነጋዴም በአምደወርቅ ወይም በጽጽቃ መጋዘን ሊያሠራ ይፈልግ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በማኅበሩ አይገኙም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ምክንያት ከቀዬው የተፈናቀለው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ፣ ቀድሞ ይመሰክር የነበረው ጎረቤት እንኳ ዛሬ በቦታው ላይገኝ ይችላል። ሩቅ ያለው አሠሪ በእጅ ስልኩ ፈልጎ የሰቆጣውን ግንበኛ ስም ካጣ፣ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ ጨምሮ ከሌላ ከተማ ሠራተኛ ያስመጣል። ጉዳቱም የሁለቱም ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ የደንበኛን ምስክርነት በኢንተርኔት ማከማቸት ነው። በጎግል ካርታ፣ በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ለድርጅቱ ስም ማስመዝገብና ገጽ መክፈት የእጅ ስልክና ጥቂት ትዕግሥት እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኢቤይ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1996 ገዢና ሻጭ አንዱ ስለ ሌላው አስተያየት የሚጽፉበትን ሥርዓት ባቆመ ጊዜ፣ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ተማምነው ሊገበያዩ ችለዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ባልደረባ ማይክል ሉካ ባወጡት ጥናት፣ በሲያትል ከተማ በሚገኙ ምግብ ቤቶች የአንድ ኮከብ ብልጫ ከ5 እስከ 9 በመቶ የገቢ ዕድገት ማስገኘቱ ተገልጿል። ጥናቱ ስለ ምግብ ቤት እንጂ ስለ ግንበኛ አይደለም፤ ነገር ግን ምሳ አንድ ቀን ቢበላሽ ቤት ግን የዕድሜ ልክ ጥሪት ስለ ሆነ፣ አሠሪው ምስክር የሚሻበት ምክንያት ይበልጥ የጸና ነው።

ምስክርነት አሰባሰቡም ደንብ አለው። ሥራው በተረከበበት ቀን ደንበኛው የሥራውን ዓይነት፣ ሥራው በውሉ ቀን ማለቁንና ዋጋው በስምምነቱ መጽናቱን በራሱ ቃል፣ በአማርኛም ሆነ በኽምጣንኛ፣ እንዲጽፍ በትሕትና መለመን ተገቢ ነው። ሁለተኛው ምስክርነት ደግሞ የሐምሌና የነሐሴ ዝናም ካለፈ በኋላ በመስከረም ቢጠየቅ ይበልጣል፤ ክዳኑ አለማፍሰሱና ልስኑ አለመሰንጠቁ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 3039 ሥራ ተቋራጩ ስለ ሥራው ደኅንነትና ስለ ሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆን ይደነግጋል። የቤቱን ፎቶግራፍ ማውጣት ሲያስፈልግ ግን የባለቤቱ ፈቃድ መቅደም አለበት።

አንዳንድ ሠራተኞች ክፉ አስተያየት ይጻፍብናል ብለው ይፈራሉ። ነገር ግን ቅሬታ ያለው ደንበኛ ገጽ ቢኖርም ባይኖርም መናገሩ አይቀርም፤ ልዩነቱ በገጹ ላይ መልስ መስጠት መቻሉ ነው። መልሱም ስድብና ክርክር ሊሆን አይገባም፤ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና። «ጉድለቱን አይተን በዚህ ቀን አስተካክለናል» የሚል አጭር ቃል ከዐሥር ምስጋና ይበልጥ ያስከብራል።

ከሁሉ የሚከፋው ሐሰተኛ ምስክርነት ነው። ለወንድምና ለአማች አስጽፎ ወይም በገንዘብ ገዝቶ ገጹን የሚሞላ ሠራተኛ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሙያ ባልደረቦቹንም ስም ያጠፋል። በአገራችን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። በአሜሪካም የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሐሰተኛ የደንበኛ አስተያየት መግዛትንና መሸጥን የሚከለክል ደንብ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት ወር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል።

ኢንተርኔቱ ሲቋረጥስ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ጥያቄውም እውነተኛ ነው። በዋግ ኽምራ በጦርነቱ ዘመን ስልክና መብራት ተቋርጠው ነበር፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ስለዚህ ብልህ ሠራተኛ ደንበኛው የሚፈርምበት አንድ ደብተር ይይዛል፤ መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ደንበኛው ያንኑ ቃል በስልኩ ይጽፈዋል።

ይህ ጉዳይ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ነጋዴም የሩቅ ነገር አይደለም። ደንበኛ ሚስማር ሊገዛ ሲመጣ «ደኅና ግንበኛ ማን አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለ ሱቁን ነው፤ ሥራው በተበላሸ ጊዜም ወቀሳው ለጠቋሚው ይተርፋል። በዱቤ ሲሚንቶ የሚሰጥ ነጋዴ ደግሞ ገንዘቡ የሚመለሰው ተቋራጩ ሥራውን ፈጽሞ ክፍያውን ሲቀበል ነው። የደንበኞቹን ምስክርነት በግልጽ የሚያሳይ ሠራተኛ ለዱቤውም ለጥቆማውም መተማመኛ ይሆናል። ስለሆነም እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ከዚህ ክረምት በፊት የሚያውቃቸውን ሠራተኞች ጠርቶ፣ በመጨረሻ ያሠሯቸውን ሦስት ደንበኞች ቃል እንዲያሰባስቡ ቢመክራቸው፣ ለከተማው ሙያተኛም ለራሱም ንግድ ትልቅ አገልግሎት ይሆናል።