ደኑ የኛ፣ ጥናቱ የተቆለፈ!

ባለፈው አንድ ተማሪዬ «ቲቸር፣ እንጦጦ ላይ የምናየው ባሕር ዛፍ ነው፤ አገር በቀሉ ዛፍ ለምን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ብቻ ቀረ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ስለ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች የተሠራ ጥናት ፈለግሁ። አገኘሁም። ሙሉውን ልከፍት ስል ግን «በዶላር ክፈል» አለኝ። እኔ የኮልፌ ቀራንዮ መምህር! ብሩ ቢኖረኝስ ዶላር የሚከፍል ካርድ ከየት አመጣለሁ?

እስቲ አስቡት ወገን። ደኑን ጠብቀው ያቆዩት የገጠር ካህናትና ምእመናን ናቸው። አጥኚውን መንገድ የሚመራው፣ የዛፉን ስም የሚነግረው የአካባቢው ሰው ነው። ጥናቱ ሲያልቅ ግን ባለደኑም መምህሩም ደጅ ይቀራሉ። የበይ ተመልካች ማለት ይሄ ነው!

«ዩኒቨርሲቲዎች እኮ በሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ብዙ ጆርናል በነፃ ያገኛሉ» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ግን የሚከፈተው ለተመዘገበ ተቋም ነው። የሁለተኛ ደረጃ መምህሩስ? የወረዳው የግብርና ባለሙያስ? በየክረምቱ ችግኝ ትከሉ እንባላለን፤ የትኛው ዛፍ የት እንደሚጸድቅ የሚናገረው ጥናት ግን ተቆልፎበታል።

ደንብ ጠፍቶም አይደለም። መስከረም 2012 ዓ.ም. የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ብሔራዊ ፖሊሲ አውጥቷል፤ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ለሁሉም ክፍት በሆነ ማከማቻ ይቀመጥ ይላል። ፖሊሲ ግን ራሱ ፋይል አይጭንም፤ የሚጭነው ሰው ነው።

«ክፍት ጆርናል ለማሳተም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ የሚጠይቁ አሉ። ግን ብዙ አሳታሚዎች ተቀባይነት ያገኘውን የራስህን ረቂቅ በዩኒቨርሲቲህ ማከማቻ እንድታስቀምጥ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዱ ወዲያው፣ አንዳንዱ ከወራት በኋላ። ለዚህ የሚጠየቅ ክፍያ የለም። የሚጠይቀው ትንሽ ጊዜና ትንሽ ኅሊና ነው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ማስተርስና ፒኤችዲ የምትሠሩ፣ የማወራው ለእናንተ ነው። እኔ ባለዲፕሎማ ነኝ፤ እናንተ አልፋችሁኝ ሄዳችኋል፣ ኮርቼባችኋለሁ። ግን በሩን ከኋላችሁ አትዝጉት። ጥናታችሁን ጫኑ። ያጠናችሁበት አካባቢ ሰው በሚያነበው ቋንቋ አንድ ገጽ ጻፉና መልሱለት።

ያ ልጅ አሁንም መልስ እየጠበቀኝ ነው። ምን ልበለው? «መልሱ አለ፣ ግን በዶላር ነው» ልበለው?