ቅጠሉ ሕጋዊ፣ ፍራሹ ወንጀል? ዓለም ባንክ፣ ጫትና ያልተጻፈው ሕግ

ዓለም ባንክ መንገድ ዳር ጫት መሸጥ ወንጀል አይደለም። መግዛትም አይደለም። ገዝቶ ቤት ገብቶ መቃምም አይደለም። ግን አንዲት ሴት በተከራየችው ክፍል ፍራሽ አንጥፋ፣ ውሃና ለውዝ አቅርባ ሰው ስታስቅም አንድ ቀን ይመጡባትና ፍራሹ ተጭኖ ይሄዳል። ጥያቄያችን አንድ ነው፦ በየትኛው አንቀጽ?

ይሄን የምንጠይቀው ለጫት ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀርቶ ከሰዓቱን በርጫ ላይ የጨረሰባቸው እናትና አባት ንዴት በደንብ ይገባናል። ትምህርት ቤትና ጫት መሸጫ በአንድ መንገድ ላይ መሆናቸው ለኮልፌ ቀራኒዮ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ችግሩ ሕጉ እነዚህን ወላጆችም ሆነ ፍራሿ የተወሰደባትን ሴት በእኩል የማያግዝ መሆኑ ነው።

ከላይ እንጀምር። መንግሥት ጫትን የሚያየው እንደ ገቢ ነው። በ2004 ዓ.ም. በጫት ላይ ኤክሳይስ ታክስ የሚጥል አዋጅ ወጥቷል፤ ታክሱ የሚሰላው በኪሎ ነው። በ2013 በጀት ዓመት ወደ ውጭ የተላከ ጫት ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 250 ሚሊዮን አካባቢ ቢወርድም አሁንም ዶላር ከሚያመጡ ምርቶች አንዱ ነው። አገር ውስጥም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከወንዶች 27 በመቶ፣ ከሴቶች 12 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ። የጥቂት ሰዎች ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው።

ታዲያ ታች ስንወርድ ይሄው ቅጠል "አዋኪ ድርጊት" የሚባል ስም ይወጣለታል። ፖሊስ በየጊዜው በሚያወጣው መረጃ ላይ "ሺሻና ጫት ማስቃሚያ ቤቶች" የሚለውን ሐረግ ያላነበበ የለም። በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠሩት። ሆኖም ሁለቱ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሺሻ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የተከለከለ ነው። ይሄው አዋጅ ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። ለጫት ግን እንዲህ ዓይነት የዕድሜ ገደብ የሚያስቀምጥ አገራዊ አዋጅ የለንም።

ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ለ14 ዓመት ልጅ ቢራ የሸጠ ግሮሰሪ ሕግ ጥሷል። ለዚያው ልጅ አንድ እስር ጫት የሸጠ ሰው ግን የዕድሜ ሕግ አልጣሰም። ያቺ ሴት ደግሞ ለ40 ዓመት ጎልማሳ ፍራሽ ስላነጠፈች ትታፈሳለች። ልጁን የሚጠብቅ ነገር የለም፣ ጎልማሳው ይሳደዳል። የተጻፈ ነገር በሌለበት ደግሞ ሁሉ ነገር በር ላይ በድርድር ያልቃል። ድርድሩ ምን እንደሚመስል ለአዲስ አበባ ሰው ማብራራት አያስፈልግም መሰለን።

አሁን ወደ ቅጠሉ ውስጥ እንግባ፤ ነገሩን የሚያወሳስበው እሱ ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ዋናው አነቃቂ ካቲኖን የሚባል አልካሎይድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ኃይሉ ወደሚያንስ ወደ ካቲን ይለወጣል፤ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ አብዛኛው ያልቃል። ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ውሃ የሚርከፈከፍበት፣ የጫት መኪና ደግሞ ሰው ገጭቶም ቢሆን ካልደረስኩ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ዓለም አቀፉ ሕግም የሚያተኩረው በአልካሎይዶቹ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት መሠረት ካቲኖን በጥብቁ አንደኛ ዝርዝር፣ ካቲን በሦስተኛው ውስጥ ናቸው። ቅጠሉ ራሱ ግን የለም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2006 አይተውት ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አያስፈልገውም ብለዋል።

አገሮች ይሄን ቀዳዳ በየራሳቸው መንገድ ደፍነውታል። እስራኤል የየመን አይሁዶች የሚቅሙትን ቅጠል ትታ ካቲኖን በእንክብል ሲሸጥ ከለከለች። እንግሊዝ የራሷ አማካሪ ምክር ቤት መከልከል አያስፈልግም እያላት ከሰኔ 24 ቀን 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቅጠሉን አገደች። አሜሪካ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካቲኖንን ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር አስቀምጣለች፤ ትኩስ ጫት የያዘ ሰው ካቲኖን እንደያዘ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከቦሌ ስትነሱ "ይቺን ለዘመድ አድርሱልኝ" የተባለች ቦርሳ ከበርበሬው ሥር ምን እንደያዘች ፈትሹ። የደረቀም ቢሆን አያድንም፣ ካቲኑም በአሜሪካ በቁጥጥር ሥር ነው።

አሜሪካን ካነሳን አይቀር፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በሚሠሩባቸው ነዳጅ ማደያዎችና ሱቆች መደርደሪያ ላይ ክራቶም የሚባል ነገር አለ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጣ የዛፍ ቅጠል ነው፤ በትንሹ ያነቃቃል፣ ሲበዛ ያደነዝዛል። የፌዴራሉ መንግሥት በ2016 ሊከለክለው አስቦ ተቃውሞ ሲበረታ ተወው፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ግዛት የየራሱን እየወሰነ ነው። አላባማ በዚያው ዓመት ከለከለች። ሉዊዚያና በነሐሴ 2025 ተከተለች። ፍሎሪዳ በዚያው ነሐሴ ቅጠሉን ትታ በጣም የተጠናከረውን ንጥረ ነገር፣ ሰባት-ኦኤች የሚባለውን ብቻ ለይታ አገደች። ጆርጂያ ደግሞ ሽያጩን ፈቅዳ ዕድሜውን ከጥር 2025 ጀምሮ 21 አደረገች፤ ዕቃውም ከሻጩ ጀርባ እንዲቀመጥ አዘዘች። አትላንታ ላይ በደረሰኝ የተገዛ ነገር በመኪና ጥቂት ሰዓት ተጉዞ አላባማ ሲገባ ወንጀል ይሆናል። ዝብርቅርቅ ነው። ቢሆንም በየግዛቱ የተጻፈ ነገር ስላለ ሻጩ አንብቦ መወሰን ይችላል።

ለእኛ የሚቀርበው ግን የኬንያ ነው። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የሞምባሳና የኪሊፊ ካውንቲ ገዥዎች ሙጉካ የተባለውን የጫት ዓይነት ከግዛታቸው አገዱ፤ ልጆቻችን አለቁ ነበር ምክንያታቸው። ፕሬዚዳንት ሩቶ በቀናት ውስጥ እገዳው አይጸናም አሉ፤ አገራዊው ሕግ ሰብሉን በገንዘብ ሰብልነት ስለሚያውቀው ካውንቲ ብቻውን ሊከለክለው አይችልም ነበር መከራከሪያው። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ገበሬው፣ ገዥውና ፕሬዚዳንቱ የተጣሉበት ነገር ግን ወረቀት ላይ ነበር። እኛ ጋ የምንጣላበት ወረቀት እንኳን የለም።

የኛ አቋም ይሄ ነው፦ ሙሉ እገዳ አያዋጣም። ከአወዳይና ከገለምሶ እስከ ባሕር ዳር በጫት የሚያድረውን ገበሬ ሜዳ ላይ ይጥላል፣ ንግዱንም ጓሮ ያስገባዋል እንጂ አያጠፋውም። ለትምባሆና ለአልኮል የተጻፈው 21 ዓመት ለጫትም ይጻፍ። ማስቃሚያ ቤት ከትምህርት ቤት ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በሜትር፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በሰዓት ይቀመጥ። ሺሻ የተገኘበት ቤት በሺሻ ሕግ ይጠየቅ። የዕድሜው ነገር የፓርላማ ሥራ ነው። ስለ ርቀትና ስለ ሰዓት ግን የከተማው አስተዳደር አራት ኪሎን ሳይጠብቅ ደንብ ማውጣት ይችላል። ያኔ ወላጅም ሲከስ፣ ባለቤቷም ስትከራከር የሚጠቅሱት መስመር ይኖራል።

በዓለም ባንክም ሆነ በሌላ ሰፈር ከማስቃሚያ ቤት ጋር በተያያዘ የማሸጊያ ደብዳቤ ወይም የቅጣት ደረሰኝ የደረሳችሁ ካላችሁ፣ አንቀጽ የተጠቀሰበትን ክፍል ፎቶ አንስታችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን። ያልተጠቀሰበትንም ላኩልን። ስም አናወጣም።